ታይ ቺ፦ ከአንድ መንደር የተቀዱ አምስት ስልቶችና ለጤና ባለሙያ ያላቸው ትርጉም

መግቢያ

የዓለም የጤና ድርጅት በ2021 ይፋ ባደረገው መረጃ መሠረት በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ አደጋ ሕይወታቸውን ያጣሉ። ከእነዚህም ውስጥ ከፍተኛውን ቁጥር የሚይዙት ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ናቸው። ይህን አደጋ ለመቀነስ ከሚመከሩት የአካል እንቅስቃሴዎች መካከል ታይ ቺ የተሰኘው የቻይናውያን ልምምድ አንዱ ነው። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅም በ2019 ባወጣው መመሪያ ታይ ቺን ለጉልበትና ለዳሌ መገጣጠሚያ ኦስቲዮአርትራይተስ አጥብቆ ከሚመክራቸው እንቅስቃሴዎች ተርታ አሰልፎታል።

ይሁን እንጂ አንድ መድኃኒት ሲታዘዝ ስሙ፣ መጠኑ፣ አወሳሰዱና የሚቆይበት ጊዜ የሚገለጽ ሲሆን፣ ታይ ቺ ሲመከር ግን ተመሳሳይ ጥንቃቄ ብዙውን ጊዜ አይደረግም። በዚህ አንድ ስም ሥር እግርን ከመሬት ጋር በኃይል የሚያጋጭና ዝላይ ያለበት ልምምድም፣ ከፍ ባለ አቋቋምና በአጭር እርምጃ የሚፈጸም ለስላሳ ልምምድም ይጠቃለላሉ። ጉልበቱ ለታመመ ሰው የመጀመሪያው ተጨማሪ ጉዳት፣ ሁለተኛው ግን እፎይታ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም "ታይ ቺ ይሥሩ" የሚለው ምክር ብቻውን የተሟላ ምክር አይደለም።

ይህ ልዩነት ከየት እንደ መጣ ለመረዳት የልምምዱን ታሪክ መመርመር ያስፈልጋል። ታሪኩም አንድ ግልጽ ነገር ያስተምራል። አምስቱ ዋና ዋና ስልቶች ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ሲሆኑ፣ እየተለያዩ የሄዱት በየዘመኑ የተነሡ መምህራን ልምምዱን ከራሳቸውና ከተማሪዎቻቸው አካልና ፍላጎት ጋር እያስማሙ በማስተማራቸው ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ስያሜው

የልምምዱ ሙሉ ስም "ታይጂቹዋን" ነው። "ታይጂ" በቻይና ፍልስፍና ዪን እና ያንግ የተባሉት ሁለት ተቃራኒና ተደጋጋፊ ኃይሎች የሚወጡበትን ታላቅ መነሻ ያመለክታል። "ጂ" የሚለው ቃል በጥንታዊ ትርጉሙ የቤት ጣሪያ ጫፍ ላይ የሚጋደመውን ምሰሶ ይገልጻል። "ቹዋን" ደግሞ ቡጢ ማለት ሲሆን፣ ስያሜው በራሱ ልምምዱ የፍልሚያ ጥበብ መሆኑን ይመሰክራል።

በስሙ ዙሪያ ሦስት ስሕተቶች በተደጋጋሚ ይታያሉ። የመጀመሪያው፣ በ"ታይ ቺ" ውስጥ ያለው "ቺ" በቻይና ባህላዊ ሕክምና የሕይወት ኃይልን ወይም እስትንፋስን ከሚገልጸው "ቺ" ጋር አንድ ነው ብሎ ማሰብ ነው። በቻይንኛ ጽሕፈት ሁለቱ የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሁለተኛው፣ "የያንግ ስልት" ሲባል ስሙ ከዪን እና ያንግ የመጣ ይመስላል፤ በእርግጥ ግን ያንግ የአንድ ቤተሰብ መጠሪያ ነው። ሦስተኛው፣ "ዉ" ተብለው የሚጠሩ ሁለት የተለያዩ ስልቶች መኖራቸው ነው። ሁለቱ ቤተሰቦች ስማቸውን በቻይንኛ የሚጽፉት በተለያየ ምልክት ቢሆንም በሌሎች ቋንቋዎች ፊደል ሲጻፉ ይመሳሰላሉ። ስለሆነም አንደኛውን ለመለየት "ዉ ሃዎ" ብሎ መጥራት የተለመደ ሆኗል።

አፈ ታሪክና ሰነድ

ስለ ታይ ቺ አመጣጥ በሰፊው የሚነገረው ታሪክ በዉዳንግ ተራራ ይኖር ነበር የሚባለውን የታኦ እምነት መናኝ ጃንግ ሳንፌንግን የሚመለከት ነው። እንደ አፈ ታሪኩ ይህ መናኝ እባብና ወፍ ሲታገሉ ተመልክቶ፣ ለስላሳው ነገር ጠንካራውን እንዴት እንደሚያሸንፍ በመገንዘብ ልምምዱን ፈጠረ። መናኙ የኖረበትን ዘመን በተመለከተ ተረቶቹ እርስ በርሳቸው አይስማሙም፤ በመካከላቸውም የምዕተ ዓመታት ልዩነት ይገኛል። የመናኙን ስም ከፍልሚያ ጥበብ ጋር በማያያዝ ቀደምት ከሚባሉት ጽሑፎች አንዱ ምሁሩ ኋንግ ዞንግሺ በ1669 ለአንድ የፍልሚያ መምህር ያዘጋጀው የመቃብር ጽሑፍ ነው። እርሱም ቢሆን "ታይጂቹዋን" የሚል ቃል አይጠቅስም።

ይህን ትረካ በሰነድ የመረመረው ታንግ ሃዎ የተባለ የሕግ ባለሙያና የፍልሚያ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊ ነበር። ታንግ ሃዎ በ1930ዎቹ መጀመሪያ በሄናን ክፍለ ሀገር፣ በዌን አውራጃ ወደሚገኘው ቼንጅያጎው መንደር ተጉዞ የቼን ቤተሰብን የዘር ሐረግ መዝገብና የቆዩ ጽሑፎች መረመረ። የደረሰበት ድምዳሜ ታይ ቺ የተጀመረው በተራራው መናኝ ሳይሆን፣ በ17ኛው ምዕተ ዓመት በዚያ መንደር በኖረ ቼን ዋንግቲንግ በተባለ ወታደር ነው የሚል ነበር። ግኝቱ ያስቆጣቸው ሰዎች ጥቂት አልነበሩም። ክርክሩም እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም፤ ሌሎች መንደሮችም የራሳቸውን የጀማሪነት ጥያቄ ያቀርባሉ። ሆኖም ዛሬ በስፋት የሚታወቁት አምስቱ የቤተሰብ ስልቶች በሙሉ የመምህርና የተማሪ ሐረጋቸው ወደ ኋላ ሲቆጠር ወደ ቼንጅያጎውና ወደ አካባቢው መድረሱን ሰነዶች ያሳያሉ።

ይህ ክርክር ለጤና ባለሙያ እንግዳ ሊሆን አይገባም። አንድ ልምምድ ወይም መድኃኒት ጥንታዊ ስለሆነ ብቻ ይጠቅማል ብሎ መደምደም፣ ወይም ዕድሜውን በማስረዘም ክብሩን ከፍ ለማድረግ መሞከር በሕክምና ታሪክም ውስጥ በብዛት የታየ ነው። ታንግ ሃዎ ያደረገው ከዝናው ይልቅ መዝገቡን ማየት ነበር።

የጋራው ምንጭ፦ ቼንጅያጎው

የቼን ቤተሰብ በ14ኛው ምዕተ ዓመት ከሻንሺ ክፍለ ሀገር ተነሥቶ በዌን አውራጃ እንደ ሰፈረ የዘር ሐረጉ ይገልጻል። ቼን ዋንግቲንግ የቤተሰቡ ዘጠነኛ ትውልድ ሲሆን፣ በሚንግ ሥርወ መንግሥት የመጨረሻ ዘመናት በአካባቢው በውትድርና አገልግሏል። ሥርወ መንግሥቱ በ1644 ከወደቀ በኋላ ወደ መንደሩ ተመልሶ በእርሻና በማስተማር እንደ ኖረ ይነገራል።

ቼን ዋንግቲንግ ልምምዱን ከባዶ አልፈጠረም። ከእርሱ አንድ ምዕተ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ የኖረው ጄኔራል ቺ ጂጓንግ (1528–1588) ለወታደሮች ሥልጠና ባዘጋጀው መጽሐፍ 32 የባዶ እጅ ፍልሚያ አቋቋሞችን በሥዕል አቅርቦ ነበር። ታንግ ሃዎ ባደረገው ንጽጽር ከእነዚህ ውስጥ 29 የሚሆኑት በቼን ቤተሰብ ልምምድ ውስጥ እንደሚገኙ አመልክቷል። ጄኔራሉ በመጽሐፉ የባዶ እጅ ፍልሚያ በታላላቅ ጦርነቶች ብዙም እንደማይጠቅም፣ ነገር ግን እጅና እግርን ለማፍታታትና አካልን ለሥልጠና ለማዘጋጀት ጥሩ መግቢያ እንደሆነ ገልጿል። ስለዚህ የአካል ማጎልመሻነት አስተሳሰብ ዘመናውያን በኋላ የጨመሩት ብቻ ሳይሆን፣ ከምንጩ የነበረ ነው ማለት ይቻላል።

የቼን ስልት መለያ ባሕርያት ዝግታና ፍጥነት መፈራረቃቸው፣ ጉልበት በጥልቀት የሚታጠፍበት ዝቅተኛ አቋቋም፣ ድንገተኛ የኃይል ልቀት፣ እግርን ከመሬት ጋር ማጋጨትና ዝላይ ናቸው። ክንድና እግር ሁልጊዜ እየተጠማዘዙ የሚንቀሳቀሱ ሲሆን፣ ይህንንም የመንደሩ መምህራን ሐር ከመፍተል ጋር ያመሳስሉታል። ይህ በልጅነቱ ለጀመረ የገበሬ ልጅ የተዘጋጀ፣ ብርታትንና ጤናማ መገጣጠሚያን የሚጠይቅ ሥልጠና ነበር። በቤተሰቡ ውስጥ የነበሩት በርካታ የልምምድ ተከታታዮች እየተጠቃለሉ ሄደው በቼን ቻንግሺንግ (1771–1853) ዘመን ሁለት ዋና ተከታታዮች ሆነዋል።

ከመንደር ወደ ቤተ መንግሥት፦ የያንግ ስልት

ልምምዱ ለትውልዶች በመንደሩ ክልል ተወስኖ ከቆየ በኋላ ወደ ውጭ ያወጣው ያንግ ሉቻን (1799–1872) ነው። ያንግ ሉቻን በሄቤይ ክፍለ ሀገር የዮንግኒያን ተወላጅ ሲሆን የድሃ ቤተሰብ ልጅ ነበር። እንደሚተረከው በዮንግኒያን የቼን ቤተሰብ አባላት የሚያስተዳድሩት የመድኃኒት መደብር ነበር፤ ወደ ቼንጅያጎው የወሰደውም መንገድ በዚያ በኩል የተከፈተ ነው። በመንደሩ በቼን ቻንግሺንግ ሥር ለብዙ ዓመታት ተምሮ ወደ ትውልድ ስፍራው ከተመለሰ በኋላ ወደ ቤይጂንግ አቀና።

በቤይጂንግ የያንግ ሉቻን ተማሪዎች የማንቹ መሳፍንትና የቤተ መንግሥት ጠባቂዎች ነበሩ። ብዙዎቹ ረዥም ልብስ የሚለብሱ፣ ከባድ የአካል ሥራ ያልለመዱ ሰዎች እንደነበሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ያወሳሉ። ለእነዚህ ሰዎች የመንደሩን ዝላይና የእግር ምት እንዳለ ማቅረብ አስቸጋሪ ነበር። የያንግ ቤተሰብ ልምምድ በሦስት ትውልድ ውስጥ ቀስ በቀስ እየለሰለሰ ሄዶ፣ ዛሬ የሚታወቀውን መልክ የያዘው በያንግ ሉቻን የልጅ ልጅ በያንግ ቼንግፉ (1883–1936) እጅ ነው። ያንግ ቼንግፉ ዝላዩንና ድንገተኛውን የኃይል ልቀት አስወግዶ፣ ሰፋፊ፣ የተዘረጉና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ፍጥነታቸው የማይለዋወጥ እንቅስቃሴዎችን አጸና። ከ1920ዎቹ ጀምሮ በመጽሐፍና በፎቶግራፍ በመታተሙና መምህሩም በታላላቅ ከተሞች እየተዘዋወረ በማስተማሩ ይህ ስልት ከሌሎቹ ሁሉ በላቀ ሁኔታ ተስፋፋ።

ሁለቱ "ዉ" ዎችና ሱን

በያንግ ሉቻን የትውልድ ከተማ በዮንግኒያን ዉ ዩሺያንግ (1812–1880) የተባለ የተማረና ባለጠጋ ሰው ይኖር ነበር። በመጀመሪያ ከያንግ ሉቻን፣ ቀጥሎም ከቼንጅያጎው አጠገብ በምትገኘው በጃዎባዎ ከሚያስተምረው ከቼን ቺንግፒንግ ተማረ። ዉ ዩሺያንግ ልምምዱን ለመተዳደሪያ አላዋለውም፤ እንደ ሊቅ በጽሑፍ መረመረው እንጂ። ዛሬ የሁሉም ስልቶች መምህራን የሚጠቅሷቸው ጥንታዊ የተባሉ የታይ ቺ ጽሑፎች በብዛት የተሰራጩት በእርሱና በእኅቱ ልጅ በሊ ዪዩ (1832–1892) በኩል ነው። ከዚህ ቤተሰብ የወጣው ስልት በሃዎ ዌይጄን (1849–1920) ተስፋፍቶ "ዉ ሃዎ" ተባለ። አቋቋሙ ከፍ ያለ፣ እርምጃው አጭር፣ እጆች ከአካል ብዙ የማይርቁበት፣ ከውጭ ሲታይ ጥቃቅን የሆነ እንቅስቃሴ ነው።

ሁለተኛው የዉ ስልት የመጣው በቤይጂንግ ከያንግ ቤተሰብ ከተማረው ከማንቹው የቤተ መንግሥት ጠባቂ ከቹዋንዮው (1834–1902) ነው። ልጁ ዉ ጂያንቹዋን (1870–1942) ስልቱን አሻሽሎ በ1935 በሻንግሃይ የራሱን ማኅበር አቋቋመ። የዚህ ስልት መለያ መካከለኛ ስፋት ያለው እንቅስቃሴና ወደፊት በሚራመዱበት ጊዜ ግንድ አካል በመጠኑ ወደፊት ማዘንበሉ ነው። ይህ ማዘንበል ለሰለጠነ ሰው ሚዛንን የማይነሣ ቢሆንም፣ የወገብ ሕመም ላለበት ወይም የአከርካሪ አጥንቱ ለሳሳ ሰው ሲመከር ሊታሰብበት የሚገባ ባሕርይ ነው።

አምስተኛውና በዕድሜ የመጨረሻው ስልት ከአንድ የሕመም አልጋ አጠገብ የተወለደ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1910ዎቹ መጀመሪያ ሃዎ ዌይጄን ወደ ቤይጂንግ በሄደ ጊዜ በጽኑ ታመመ። ቀድሞ የማያውቀው ሱን ሉታንግ (1860–1933) የተባለ ስመ ጥር የፍልሚያ መምህር ማረፊያና ሐኪም ፈልጎለት እስኪድን ድረስ አስታመመው። ሃዎም ለውለታው ምላሽ የሚያውቀውን ታይ ቺ አስተማረው። ሱን ሉታንግ በዚያን ጊዜ የ50 ዓመት ገደማ ሰው ሲሆን፣ ሺንግዪ እና ባጓ የተባሉ ሁለት የፍልሚያ ጥበቦችን አጠናቅቆ ያውቅ ነበር። ሦስቱን አዋሕዶ የሠራውን ስልት በ1921 በመጽሐፍ አሳተመ። በሱን ስልት አቋቋሙ ከፍ ያለ ነው፤ አንዱ እግር ወደፊት ወይም ወደኋላ በሄደ ቁጥር ሌላው ይከተለዋል። በመሆኑም ክብደት በሰፊ እርምጃ መካከል ተወጥሮ አይቆይም። ዝላይ የለውም፤ ጉልበትም በጥልቀት አይታጠፍም።

ከፍልሚያ ወደ ጤና ጥበቃ

በ20ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ በቻይና የሕዝቡን የአካል ብቃት ማሻሻል ብሔራዊ ጥያቄ ሆኖ ነበር። ጠመንጃ በነገሠበት ዘመን የባዶ እጅ ፍልሚያ ወታደራዊ ጥቅሙ ሲያከትም፣ መምህራኑ የልምምዳቸውን ጠቃሚነት በጤና ቋንቋ መግለጽ ጀመሩ። ከቼን ቤተሰብ የወጣው ቼን ሺን (1849–1929) ከዕረፍቱ በኋላ በ1933 በታተመው ሰፊ መጽሐፉ እንቅስቃሴዎቹን በቻይና ባህላዊ ሕክምና ከሚታወቁት የአካል መስመሮች ጋር አዛመደ። በ1928 የቼን ቤተሰብ አባል ቼን ፋኬ (1887–1957) ወደ ቤይጂንግ መጥቶ ማስተማር ሲጀምር፣ ታይ ቺ ማለት ዝግ ያለ እንቅስቃሴ ብቻ እንደሆነ ያስቡ የነበሩ የከተማዋ ነዋሪዎች ፈጣኑንና ኃይለኛውን ምንጭ በማየታቸው ተደንቀው እንደነበር ይነገራል።

የያንግ ቼንግፉ ተማሪ የነበረው ጄንግ ማንቺንግ (1902–1975) የቻይና ባህላዊ ሐኪም ሲሆን፣ በወጣትነቱ ከያዘው የሳንባ በሽታ ያገገመው በታይ ቺ ምክንያት እንደሆነ ያምን ነበር። ረዥሙን የያንግ ተከታታይ ወደ 37 እንቅስቃሴዎች አሳጥሮ በታይዋን፣ ከ1964 ጀምሮም በኒው ዮርክ አስተማረ። የአንድ ሰው ምስክርነት የሕክምና ማስረጃ አይሆንም። ይሁንና ማሳጠሩ ልምምዱ ጊዜ ለሌላቸውና ለአቅመ ደካሞች እንዲደርስ በር ከፍቷል።

ከሁሉም የላቀ ተጽዕኖ ያሳደረው ግን የቻይና መንግሥት የስፖርት ኮሚሽን በ1956 ያወጣው 24 እንቅስቃሴዎች ያሉት አጭር ተከታታይ ነው። ከያንግ ስልት ተመርጦ የተዘጋጀ ሲሆን ከአራት እስከ ስድስት ደቂቃ ውስጥ ይጠናቀቃል። ረዥሙ የያንግ ተከታታይ በአቆጣጠር ልዩነት 85፣ 103 ወይም 108 እንቅስቃሴዎች ያሉት ሆኖ 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ዛሬ በመናፈሻዎችና በጤና ተቋማት "ታይ ቺ" ተብሎ የሚታየው በአብዛኛው ይህ በኮሚቴ የተዘጋጀ አጭር ቅጂ ነው። ታይ ቺ በታኅሣሥ 2020 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ የሰው ልጅ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቷል።

ስልቶቹን የሚያስተሳስረው

ልዩነቱ ይህን ያህል ከሆነ ሁሉንም በአንድ ስም መጥራት ለምን ተቻለ? ምክንያቱ የዘር ሐረጉ ብቻ አይደለም። በአምስቱም ስልቶች ውስጥ አራት ነገሮች ሳይለወጡ ይገኛሉ። አንደኛ፣ የአካል ክብደት ከአንዱ እግር ወደ ሌላው በቁጥጥር ይተላለፋል፤ የቻይና መምህራን ይህን "ሙሉውንና ባዶውን መለየት" ይሉታል። ሁለተኛ፣ ጉልበት በመጠኑም ቢሆን ታጥፎ ስለሚቆይ የጭን ጡንቻዎች በእንቅስቃሴው ሁሉ ይሠራሉ። ሦስተኛ፣ እጅና እግር ለየብቻ ሳይሆን በወገብ መሪነት ይንቀሳቀሳሉ፤ ግንድ አካልም ሳይወጠር ይጸናል። አራተኛ፣ ልቡና ከእንቅስቃሴው ጋር ይሄዳል፤ ትንፋሽም ሳይገደድ ከዚያው ጋር ይስማማል።

ከዚህ በተጨማሪ የእንቅስቃሴዎቹ ስሞች ከስልት ወደ ስልት ሲሸጋገሩ ይገኛሉ። ለምሳሌ "የወርቅ አውራ ዶሮ በአንድ እግሩ ቆመ" የተሰኘው አቋቋም በጄኔራል ቺ ጂጓንግ የ16ኛው ምዕተ ዓመት መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ያው ስም በቼን ስልት ሲደርስ ጉልበት በኃይል ወደ ላይ ተወርውሮ እግር ከመሬት ጋር የሚጋጭበት የማጥቂያ እርምጃ ነው። በያንግ ስልት እግሩ ያለ ድምፅ በዝግታ ይነሣል። ለአረጋውያን በተዘጋጁ ቅጂዎች ደግሞ የእግር ጣት መሬት ሳይለቅ ወይም ወንበር ተይዞ ሊፈጸም ይችላል። ለጤና ባለሙያ ይህ አቋቋም አዲስ አይደለም። በክሊኒክ የአረጋውያን ሚዛን ከሚለካባቸው ቀላል ምርመራዎች አንዱ በአንድ እግር ለምን ያህል ሰኮንድ መቆም እንደሚችሉ ማየት ነው። ወታደሩ ለማጥቃት የተማረውን፣ አረጋዊው ላለመውደቅ ይማረዋል።

የሕክምና ጥናቶች የመረመሩት የትኛውን ታይ ቺ ነው?

ይህ ጥያቄ የታሪኩን ክርክር ወደ ሐኪሙ ጠረጴዛ ያመጣዋል። በ1996 በአትላንታ የታተመውና የዘርፉ ፈር ቀዳጅ የሆነው ጥናት ዕድሜያቸው ከ70 ዓመት በላይ የሆኑ 200 ሰዎችን በዕጣ በሦስት ቡድኖች መድቦ ለ15 ሳምንታት ተከታትሏል። በታይ ቺው ቡድን ደጋግሞ የመውደቅ አደጋ በ47.5 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ሰዎቹ የሠሩት ግን ከ108 እንቅስቃሴዎች ተጨምቀው የወጡ 10 እንቅስቃሴዎችን ብቻ ነበር። በ2012 በኦሪገን 195 የፓርኪንሰን ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት ደግሞ ለሕመሙ ተብለው የተመረጡ 6 እንቅስቃሴዎችን ተጠቅሟል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ለ60 ደቂቃ፣ በድምሩ ለ24 ሳምንታት የሠሩት ሕሙማን ሚዛናቸው ጡንቻ ከሚያጠነክር ልምምድም ሆነ ከማፍታታት ልምምድ በተሻለ ሁኔታ ተሻሽሏል።

በ2007 በሲድኒ በታተመው፣ 702 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት አብዛኞቹ ክፍሎች የሱንን ስልት ያስተምሩ ነበር፤ በሳምንት አንድ ሰዓት ለ16 ሳምንታት የተሰጠው ትምህርት መውደቅን በአንድ ሦስተኛ ገደማ ቀንሷል። አውስትራሊያዊው ሐኪም ዶክተር ፖል ላም በ1997 ከባልደረቦቻቸው ጋር ለመገጣጠሚያ ሕሙማን ፕሮግራም ሲያዘጋጁ መነሻ ያደረጉት ይህንኑ የሱን ስልት ነው፤ ከፍ ያለው አቋቋምና ተከታዩ እርምጃ ጉልበትን ስለሚያሳርፉ ነበር። በ2016 በቦስተን 204 የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት በበኩሉ የያንግን ስልት ተጠቅሞ፣ ከ12 ሳምንታት በኋላ ውጤቱ ከመደበኛ ፊዚዮቴራፒ ጋር ተመሳሳይ መሆኑን አሳይቷል።

ያልተሳኩትን ጥናቶች መጥቀስም ተገቢ ነው። በ2003 በአትላንታ የታተመ፣ አካላቸው ወደ መድከም ያዘነበለ 311 አረጋውያንን ለ48 ሳምንታት የተከታተለ ጥናት የመውደቅ ቁጥር ቢቀንስም ልዩነቱ በስታቲስቲክስ አስተማማኝ ሆኖ አልተገኘም። በ2009 በኔዘርላንድ 269 ሰዎች ለ13 ሳምንታት የተሳተፉበት ጥናትም ጥቅም አላሳየም። በ2019 የታተመው የኮክሬን ግምገማ ጥናቶቹን በአንድነት አይቶ፣ ታይ ቺ የሚወድቁ ሰዎችን ቁጥር በ20 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ደምድሟል። ይህ ተአምር አይደለም፤ ነገር ግን ርካሽ ለሆነና መሣሪያ ለማይጠይቅ ልምምድ የሚናቅ ውጤት አይደለም።

ከእነዚህ ጥናቶች ሁለት ነገሮች ጎልተው ይወጣሉ። ሕሙማኑ የሠሩት በአብዛኛው የመንደሩን ጥንታዊ ልምምድ ሳይሆን በ20ኛው ምዕተ ዓመትና ከዚያም ወዲህ ለተወሰነ አካል ተቀንሶ የተዘጋጀ ቅጂ ነው። ጥቅሙም በያንግም፣ በሱንም፣ በተጨመቁ ቅጂዎችም ታይቷል። ስለሆነም ጠቃሚው ነገር በአንዱ ቤተሰብ ምሥጢር ውስጥ ሳይሆን በሁሉም ዘንድ የጋራ በሆኑት ባሕርያት ውስጥ እንደሚገኝ መገመት ምክንያታዊ ነው። የአንዱ ስልት መምህር የሌላውን "ትክክለኛ አይደለም" ሲል ሕመምተኛው ግራ ሊጋባ አይገባም።

ማጠቃለያ

የጋራው ባሕርይ ጥቅሙን የሚሰጥ ከሆነ፣ ልዩነቱ ደግሞ ለማን ምን እንደሚስማማ ይወስናል። የቼን ስልት ዝቅተኛ አቋቋምና የእግር ምት ለጤናማ ወጣት መልካም ሥልጠና ሲሆን፣ ጉልበቱ ለተጎዳ ወይም አጥንቱ ለሳሳ ሰው አይመከርም። የያንግ ስልት ሰፊ እርምጃ አቋቋሙ ከፍ ከተደረገ ለብዙዎች ይስማማል። የሱንና የዉ ሃዎ ከፍ ያለ አቋቋምና አጭር እርምጃ ለመገጣጠሚያ ሕሙማን የተሻለ መነሻ ነው። ሚዛኑ እጅግ የደከመ ሰው ደግሞ በየትኛውም ስልት ቢሆን ደጋፊ ሰው ወይም ጽኑ ወንበር አጠገቡ ሊኖር ይገባል።

ስለዚህ ታይ ቺ የሚመክር የጤና ባለሙያ በሕመምተኛው ካርድ ላይ ቢያንስ አራት ነገሮችን ቢያሰፍር ምክሩ የተሟላ ይሆናል፤ እነዚህም የትኛው ስልት ወይም ቅጂ እንደሆነ፣ ጉልበት እስከ ምን ድረስ እንዲታጠፍ እንደተፈቀደ፣ በሳምንት ስንት ጊዜና ለምን ያህል ደቂቃ እንደሚሠራ፣ እንዲሁም ለስንት ሳምንታት እንደሚቆይ ናቸው። ጥቅም ያሳዩት ጥናቶች በብዛት ከ12 እስከ 24 ሳምንታት የዘለቁ በመሆናቸው ከሁለት ሳምንት በኋላ ለውጥ አለመታየቱ ተስፋ ሊያስቆርጥ አይገባም። የጉልበት ሕመም ከተባባሰ ጉልበት ከእግር ጣት አቅጣጫ ወጥቶ እንደሆነ ወይም አቋቋሙ ከመጠን በላይ ዝቅ ብሎ እንደሆነ መመርመር ያስፈልጋል። ታይ ቺ የታዘዘን መድኃኒት እንደማይተካም ለሕመምተኛው በግልጽ መነገር አለበት።

አንዳንድ መምህራን "እውነተኛው" ታይ ቺ ያልተለወጠው ነው ይላሉ። የታሪኩ ምስክርነት ግን ከዚህ የተለየ ነው። ቼን ዋንግቲንግ የወታደሩን ሥልጠና ለመንደሩ አስማማ፤ የያንግ ቤተሰብ የመንደሩን ለከተማው አስማማ፤ ሱን ሉታንግ ከሃዎ የተማረውን ከቀድሞ ጥበቦቹ ጋር አዋሐደ። በየትውልዱ ልምምዱን በሕይወት ያቆየው ይህ ማስማማት ነው። ዛሬ በክሊኒክ ውስጥ እንቅስቃሴውን ለአንዲት ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት አቅም የሚመጥን ባለሙያም ከዚህ ረዥም ልማድ የወጣ አይደለም።